ፈረንጆች የጠቀሱት ዱባለ

አባቴ ዱባለ በርበሬ የሚገዛው በጆሮው ነበር። ጆንያውን ከፍ አድርጎ ይወዘውዘዋል፤ ዛላው በደንብ ከደረቀ ውስጡ ያለው ፍሬ ይንሿሿል፤ ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ከሆነ ግን ድምፅ የለውም። «ዝም ያለ በርበሬ ዋሾ ነው» ይል ነበር። ዝም ባለ ሰው ላይ ግን እንዲህ ቶሎ አይፈርድም። ቶሎ የምፈርደው እኔ ነኝ፤ ቁጣዬን ከእናቴ እንደወረስኩት ይነገረኛል።

የአባቴ ትውልድ ቡኢ ነው፤ ኑሮው ግን ቡታጅራ ገበያ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አለቀ። ከጎኑ፣ በሳንቃ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ ሀቢቡ የሚባል የመስቃን ሰው ነበር፤ እሱም በርበሬ ነጋዴ። አንድ ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተጠጋግተው ውለው እንዴት እንደማይጣሉ አላፊ አግዳሚው ይገርመው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ሀቢቡ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን አይዘጋም። ገዢ ሲመጣ አባቴ በመጀመሪያ «የማን ደንበኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። «የሀቢቡ» ካለው የራሱን ጆንያዎች ትቶ ይነሳና ከሀቢቡ ሱቅ፣ ከሀቢቡ በርበሬ፣ በሀቢቡ ዋጋ ይሸጥለታል። ለመስቀል አባቴ ቡኢ ገብቶ ሳምንት ሲከርም ደግሞ ሀቢቡ ለአባቴ ደንበኞች እንደዚያው ያደርጋል። «ደንበኛ አደራ ነው» ይላሉ ሁለቱም። ከዚህ በላይ ማብራሪያ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

ማብራሪያውን የፈለገው ወንድሜ ተረፈ ነው። ተረፈ አዲስ አበባ ንግድ ተምሮ፣ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ስለ ንግድ ሥራ ያስተምር ነበር። በሃምሳ ሰባት ክረምት ደብተር ይዞ መጣና አባቴ ሥር ተቀመጠ። ገዢው ቢዋሽስ? ሀቢቡ ቢያጭበረብርስ? በርበሬ ሲወደድም እንዲሁ ነው? አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ ክረምት አውርቶ አያውቅም። ልጁ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ከሱ ሲማር ማየቱ በደስታ አቅሉን አሳተው። ቆሎ ሳይቀር ከኪሱ እያወጣ ያጎርሰው ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ!

በዓመቱ ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ የፈረንጅ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ተረፈ አንድ ቅጂ ይዞልን መጣ። አባቴ እጁን በነጠላው ጠርጎ ተቀበለውና፣ «ስሜ አለበት?» አለ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ቢያነክስም ይሄዳል። ከጀርባው ቆሜ ገጹን በዓይኔ ቃኘሁት። «አንድ የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ እንደገለጸው» ይላል። ዝቅ ሲል «ይኸው ነጋዴ» ይላል። ስም የለም። ሀቢቡማ «ጎረቤቱ» ሆኖ ቀርቷል።

ተረፈ ገጹን ወደ መጀመሪያው መለሰው። የአባቴን አውራ ጣት ይዞ ከርዕሱ ሥር፣ የጸሐፊው ስም ላይ፣ ሁለተኛው ቃል ላይ አኖረው። «ይኸውልህ፤ ዱባለ ይላል።»

ይላል፤ መቼም «ተረፈ ዱባለ» ከተጻፈ ዱባለ ማለቱ አይቀርም። አባቴ ፊደል አይቆጥርም፤ ቃሏን በጣቱ ደባበሳት። ከዚያ መጽሔቱን ሳጥን ውስጥ፣ ከክት ልብሱ ጋር አስቀመጠው።

ወንድሜን ማጀት አስገብቼ ያዝኩት። «አባቴ ነው ብለህ ብትጽፍ ምን ይቀንስብሃል?»

«ዘርፌ፣ ሥርዓቱን አታውቂም። አባቴን ጠይቄ ጻፍኩ ካልኩ ጥናት ነው የሚለኝ የለም።»

«ካላልክስ ምን ይባላል?»

ዝም አለ። እኔም ለአባቴ አልተናገርኩም፤ ያ ሁሉ ደስታ በእኔ አፍ እንዲፈርስ አልፈለግኩም። እስከ ዛሬ ከሚቆጨኝ አንዱ ይህ ነው፤ በርበሬው ዝም ሲል እኔም አብሬ ዝም ማለቴ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ተረፈ በኮሌጁ ዕድገት ጠየቀ። ኮሚቴው፣ መጻፍህን አይተናል፤ አሁን ደግሞ ሌሎች ምሁራን ጽሑፍህን ተጠቅመውበት እንደሆነ አሳየን አለው። እሱም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አዳዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ከኋላ ያለውን የስም ዝርዝር አገላበጠ። «ተ»ን፣ ማለት የፈረንጁን «ቲ»ን፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ተረፈ የሚባል የለም። ለፋሲካ ቤት ሲመጣ ፊቱ ከስሎ ነበር።

«ማንም አላነበበውም፣ አባባ። በከንቱ ነው የለፋነው።»

አባቴ አሰብ አደረገና፣ «በርበሬ የበላ ሰው ያነጥሳል እንጂ ነጋዴውን አያመሰግንም። ምናልባት የሆነ ቦታ እያነጠሱ ይሆናል» አለው። ሳቅንበት፤ ተረፈ ግን አልሳቀም። ዕድገቱ በዚያ ዓመት ካልሆነለት ከማስተማር ወጥቶ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሊዛወር ወስኖ ነበር።

ሰኔ ላይ ለአባቴ ደብዳቤ መጣ። የፖስታ ቤቱ ሰው ገበያ መሀል ይዞት እየመጣ፣ «አቶ ዱባለ! ፈረንጅ ጻፈልህ!» ብሎ ሲጮህ አገር ሰማ። በፖስታው ላይ «ፕሮፌሰር ዱባለ፣ ቡታጅራ፣ ኢትዮጵያ» ይላል፤ ቡታጅራ ውስጥ ደግሞ ያ ሰው የሚያውቀው ዱባለ አንድ ብቻ ነው። ሀቢቡ ሳንቃውን ተሻግሮ መጣ። ሦስታችን በጆንያ ላይ ተቀምጠን መዝገበ ቃላት እየገለጥኩ ሳነብ ጊዜው መሸ።

የጻፈው አንድ አስተማሪ ነው። «ውድ ፕሮፌሰር ዱባለ» ይላል፤ ሌላ አድራሻ ባላገኝ ጽሑፍዎ ወደሚያነሳት ከተማ ጻፍኩ፤ ሥራዎን በመጽሐፌ ጠቅሻለሁ፤ ሌሎችም ሲጠቅሱት ስላየሁ ዝርዝሩን ልኬልዎታለሁ፤ ደንበኛን እንደ አደራ ስለ መያዝ ያሰቡትን ተማሪዎቼ «የዱባለ ሐሳብ» ብለው ይጠሩታል። አብሮ የተላከው ወረቀት ላይ ዱባለ፣ ዱባለ፣ ዱባለ እያለ ሰባት ቦታ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፈረንጅ ሰውን የሚጠራው በመጨረሻው ስሙ ነው። ወንድሜ ያን ሁሉ ጊዜ ራሱን በራሱ ፊደል ሲፈልግ፣ ለካ በአባቱ ፊደል ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አባቴ ግን አልሳቀም። «እዩት እንግዲህ» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ልጄ ስሜን ያን ያህል ርቀት አድርሶት!»

«ወላሂ እውነት ነው» አለ ሀቢቡ። «የኔስ አለ?»

ዝርዝሩን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁት።

አባቴ ደብዳቤውን በጨርቅ ጠቅልሎ በማግስቱ በአውቶቡስ ለተረፈ ላከለት። ተረፈ በሳምንቱ እየበረረ መጣ። ከደስታው ብዛት አቀፈኝ፤ አንድ ወረቀትም አወጣ። ለሰባቱም ጸሐፊዎች ሊልከው ያረቀቀው ማረሚያ ነው፤ ኮሚቴው የሚያውቀው ተረፈን ስለሆነ ስሙ መስተካከል አለበት። «ዱባለ የአባቴ ስም ነው፤ የጥናቱ ባለቤት ተረፈ ነው» ይላል። ወረቀቱ ምን እንደሚል አባቴ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም፤ ቃል በቃል ነገርኩት።

«ስሜን ልታስፍቀው ነው?» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «እዚያ መጽሔት ላይ ያሳየኸኝስ?»

ተረፈ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ያ የኔ ስም ነው፣ አባባ፤ የአንተን ‹አንድ ነጋዴ› ብዬ ነው ያለፍኩት።» አፈርኩ ማለቱ እንኳን ቢያቅተው ማፈሩ ያስታውቅበት ነበር። አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ሱቁ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው።

አርብ ነበር። ሀቢቡ መስጊድ ሄዷል። አንድ ገዢ መጣና አባቴ እንደ ልማዱ፣ «የማን ደንበኛ ነህ?» አለው። «የሀቢቡ።» አባቴ ተነሳ፣ ሳንቃውን ተሻገረ፣ የሀቢቡን ጆንያ ወዝውዞ አሰማው፣ ሸጠለት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ተረፈ ዞረ።

«ያ ደብዳቤ ያንተ ነበር» አለው። «ወደኔ መጣ። ላንተ ሰጠሁት።»

ወደ ራሱ ጆንያዎች ዞረ።

ተረፈ ማረሚያውን እዚያው ቀደደው። ለኮሚቴው የጻፈውን በኋላ አሳይቶኛል። «በዱባለ ስም የተጠቀሰው ጽሑፍ የኔ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰው ነጋዴም አባቴ ዱባለ ነው፤ ስሙን የደበቅኩት እኔ ነኝ» ይላል። ኮሚቴው ጉዳዩን ለአንድ ዓመት አቆየበት። ዓመቱን ሙሉ በድሮ ማዕረጉ አስተማረ፤ ወደ መሥሪያ ቤቱም አልሄደም።

በስድሳ ሦስት ሁለተኛው ጥናቱ ታተመ። መጽሔቱን ይዞ መጣ። የአባቴን አውራ ጣት ያዘና በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ አኖረው። «እዚህ፣ የቡታጅራ ነጋዴዎች ዱባለና ሀቢቡ ያስተማሩኝ ነው ይላል።»

አባቴ ወደ ወረቀቱም ወደ ልጁም አላየም። ወደኔ ነው የዞረው። ጣቱን ካኖረበት ሳያነሳ፣ «ዘርፌ፣ እንዲያ ይላል?» አለኝ።

ተረፈ ፊቱ ቀላ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ይላል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ለሀቢቡ ውሰጂለት» አለ። «እሱ ዘንድ ይደር።»