ቦጋለች፣ ወዴት ነው?

አክስቴ ቦጋለች እግር እንዳላት ካምፓላ ያወቀው በኮሮና ጊዜ ነው። አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት ካባላጋላ ካለው ምግብ ቤቷ እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነበር የምትመላለሰው። ሉቅማን የሚባል የራሷ ባለቦዳ ነበራት። ጠዋትም ማታም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን ወደ አንድ ጎን አድርጋ ትቀመጥና "በል ንዳ፣ ቀስ ብለህ!" ትለዋለች፣ በአማርኛ። ሉቅማን ዛሬ የሚችላት አማርኛ በሙሉ ከእሷ የለቀማት ናት። አስፋልት ተሻግሮ ሽንኩርት ለመግዛት ቦዳ የሚይዝ ሰው ከእሷ በቀር አይቼ አላውቅም።

እኔ ሃኒ ነኝ፣ የእህቷ ልጅ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ "እቴቴ" እላታለሁ፣ አብረን እንኖራለን። እሷ ግትር ናት፣ እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ቤታችን ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ የሚያልፍ ቀን የለም።

አገሩ ሊዘጋጋ ጥቂት ሲቀረው እቴቴን ራሷን አዞራትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ስኳር ነው አሉ። ሐኪሙ፣ አንድ ዝግ ያለ ሽማግሌ፣ ነገሩን አለሳልሶ አልነገራትም። "በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ። ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን። ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን፤ በየቀኑ ራስሽ የምትወጊው" አላት።

እቴቴ ሰው አትፈራም። ቦርሳዋን የነጠቃትን ሌባ በኮሌታው አንቃ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የጎተተች ሴት ናት። መርፌ ሲሆን ግን ጉድ ነው! ገና መርፌውን ስታይ ፊቷ ይነጣል። የዚያን ቀን ደም ሲወስዱላት ሁለት ነርሶችና እኔ ነን ደግፈን የያዝናት። ስንወጣ "ሃኒዬ፣ በየቀኑ መርፌ ራሴ ላይ ከምሰካ ሞቴን እመርጣለሁ" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለው እስቅ ነበር። እሷን ግን አውቃታለሁ፤ አልወጋም ካለች አትወጋም። ታዲያ እኔ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ወዲያው አገሩ ተዘጋ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፣ ቦዳ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፣ መኪናም ቆመ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት የለም። ለእግረኛ ካልሆነ መንገዱ ለማንም አልሆነም። እኔ በልቤ "እሰይ! ከእንግዲህ ምን ምርጫ አላት?" አልኩ። ለካ ምርጫ አላት፤ ሶፋ።

"እቴቴ፣ ተነሽ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"የትም። ዝም ብለን በእግራችን ዞር ዞር እንበል።"

"ዝም ብለን? ምን ጠፍቶብን?"

"ጤናሽ ነዋ የጠፋው!"

"ጤና መንገድ ላይ ወድቆ አይገኝም" ብላ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው። ለእሷ ያለ ጉዳይ መንገድ ላይ መታየት ነውር ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ይሄዳል፣ የሌለው ቤቱ ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ የሚዞር ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ አእምሮው ተነክቷል።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ የለቅሶዬ ነገር ሲሰለቻት ስኒከሬን አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ገና ጥግ ላይ ሳንደርስ አንድ የምታውቀው ልጅ ብቅ አለ።

"እትዬ ቦጋለች! ደህና ነሽ? ወዴት ነው?"

እኛ አበሾች መቼም መንገድ ላይ ስንገናኝ ጤና ጠይቀን፣ ስለ አገር ቤት ጠይቀን፣ "ወዴት ነው?" ሳንል አንለያይም። መልሱ ደግሞ የግድ ነው። "የትም" ያለ ሰው ወይ አንድ ነገር ደብቋል ወይ አሞታል። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ እቴቴ በጾም ውሸት አይወጣትም።

"ወደ ቤቴ" አለችው። ይህን ካለች በኋላ እውነት እንዲሆንላት ዞር ብላ ወደ ቤቷ ገባች! ስፖርታችን በዚህ አበቃ። በማግስቱም እንደዚሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። የመጀመሪያው አበሻ እስኪገጥመን እንሄዳለን፣ "ወዴት ነው?" ይላል፣ "ወደ ቤቴ" ትላለች፣ እንመለሳለን። በዚያ ሰፈር ደግሞ አበሻ አይጠፋም። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

አንድ ቀን ግን ጋሽ ከፍያለው ገጠሙን። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከተዘጋ ወዲህ ሥራቸው ወሬ ብቻ ሆኗል። ምንም አያመልጣቸውም።

"በስመ አብ! ቦጋለች በእግሯ! ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቴ።"

"ቤትሽማ በዚያ በኩል ነው እንጂ!"

እቴቴ ተያዘች። እኔን አየችኝ፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ "ጸሐይነሽን... ጸሐይነሽን ልጠይቃት ነው" አለች።

የጋሽ ከፍያለው ዓይን ፈጠጠ። የእኔም ፈጠጠ። ጸሐይነሽና እቴቴ ከተኳረፉ ስንት ዘመናቸው! ጸሐይነሽም እንደ እሷ ባለ ምግብ ቤት ናት፤ አንድ ጊዜ በማኅበር ድግስ ላይ የእቴቴን ሽሮ ቀመሰችና ሰው ሁሉ እየሰማ "ውሃ በዝቶበታል" አለች። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው እንኳ ሰላም አይባባሉም።

"እሰይ! እግዜር ይባርካችሁ!" ብለው ጋሽ ከፍያለው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ካምፓላን እንደሚያዳርስ ገባን።

"አሁን ምን ይሻላል?" አልኳት ራቅ ሲሉ።

"ምን ይሻላል ትይኛለሽ? ብያለሁ እኮ! በጾም ተናግሬ ልቅር? መሄድ ነዋ!" አለችና ሄደች።

የጸሐይነሽ ቤት ኪቡሊ ዳገቱ ላይ ነው፣ ኪሱጉን አቋርጦ። እቴቴ መንገዱን ሙሉ ስትራገም ነበር፤ ጋሽ ከፍያለውን ረገመች፣ ስኒከሩን ረገመች፣ ዳገቱን ረገመች፣ እኔንም አልማረችኝ። ግን ሄደች። በሩን ስናንኳኳ ላቧ በነጠላዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ጸሐይነሽ የበሩን መስኮት ከፍታ አየችን። ክው አለች።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ልትሆኚ መጣሽ?"

"ልጠይቅሽ ነዋ።"

ጸሐይነሽ በሩን ከፈተች። አጎንብሳ የእቴቴን እግር አየች። "በእግርሽ? አንቺ?" አለች፤ ይሄኔ ድምጿ ተሰበረ። ልጆቿ ዱባይ ናቸው፣ ሠራተኞቿ ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ ከተዘጋ ጀምሮ በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። "ሰው ናፍቆኛል፣ ቦጋለች። ብቻዬን ግድግዳ ሳወራ ነው የከረምኩት" አለች።

እቴቴ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ "እኔስ ይቺን ጨቅጫቃ ልጅ ይዤ ነው እንጂ፣ ያው ብቻዬን ነኝ" አለች። እኔን ማለቷ ነው። ተቀበልኩት፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ቤት መግባት አይቻልም፣ በሽታ ነው። ጸሐይነሽ ሁለት በርጩማ አመጣችና አንዱን ከበሩ ውጭ፣ አንዱን ከበሩ ውስጥ አደረገች፤ ሁለቱ ተቀምጠው አወጉ። የሽሮው ነገር አልተነሳም። ልንሄድ ስንል ብድግ አለች።

"ልሸኝሽ።"

"ኧረ ተይ፣ በማርያም!"

"እንዴት! ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ?"

ራቅ ራቅ ብለው፣ አንዷ በመንገዱ በዚህ ጠርዝ፣ አንዷ በዚያ ጠርዝ እያወሩ እኛ በር ድረስ ሸኘችን። አበቃ ስል እቴቴ ደግሞ "ብቻሽንማ አትመለሽም" ብላ ተከተለቻት። ኪሱጉ ደርሰው ጸሐይነሽ "አሁንማ ተመለሽ" ትላለች፤ እቴቴ "ትንሽ ልጨምር" ትላለች። ጸሐይነሽ ቤት ደረስን። ጸሐይነሽ እንደገና ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ከኋላቸው ምላሴ ወጥቶ "እቴቴ፣ ሰዓቱ! ሰዓት እላፊው!" እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው እየጎተትኩ ቤት ያስገባኋት። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ጋሽ ከፍያለውም አያውቁት። እቴቴ ሶፋው ላይ ተዘርግታ እግሯን እያሸች "አይ ጸሐይነሽ፣ ጨዋታዋን ረስቼው ነበር" አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። "ወዴት ነው?" ላላት ሁሉ ደረቷን ነፍታ "ጸሐይነሽን ልጠይቅ" ትላለች፤ ስትመለስ "ጸሐይነሽን ልሸኝ" ትላለች። እውነትም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ነውርም የለበትም። ጾሙ ተፈታ፣ እነሱ ግን አልተፈቱም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኪሱጉ ላይ የቆመ ወታደር አስቆመን። መሣሪያ ይዟል፤ እኔ ልቤ ጠፋ።

"ስትመላለሱ አያችኋለሁ። ወዴት ነው የምትሄዱት?" አለ በእንግሊዝኛ።

"እሷን እየሸኘሁ ነው" አለች እቴቴ።

"ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ የምሸኛት!" አለች ጸሐይነሽ።

ወታደሩ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። "እናቴን መሰላችሁኝ። መንደራችን እንግዳ ከመጣ እሷ ሸኝታ እስክትመለስ ራት አይበላም ነበር" አለን። ቀጥሎ ግን ቆጣ ብሎ በጣቱ አንድ ትልቅ የፌኔ ዛፍ አሳየ፤ ያ ትልልቁ ፍሬ ግንዱ ላይ የሚንጠለጠልበት ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ዛፍ ሥር ትለያያላችሁ። ከዛፉ ያለፈች እኔን ታገኛለች።"

ይኸው ሕግ ሆነ። ጠዋት እቴቴ ትጠይቃለች፣ ከሰዓት በኋላ ጸሐይነሽ ትጠይቃለች፤ መለያያው ፌኔው ሥር። እዚያም ቆመው ይቆያሉ እንጂ ቶሎ አይለያዩም፤ ወታደሩም ሲያያቸው ፊቱን ያዞራል። አንድ እሑድ አቅጣጫ ቀየርንና ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ወጣን። እቴቴ ጫፉ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ያበራል።

"ይሄ ሐይቁ ነው? ከቤቴ ጀርባ?"

"ሁልጊዜም እዚህ ነው ያለው" አልኳት።

"እኔማ ሙንዮንዮ ለሠርግ ስንሄድ ብቻ የሚታይ መስሎኝ!" አለች። ብዙ ቆመች። ጸሐይነሽ ሳቅ ሳቅ እያላት "ቦጋለች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሽሮው ግን እውነትም ውሃ በዝቶበት ነበር" አለቻት። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። እቴቴ ሐይቁን እያየች "አውቃለሁ፤ እንግዳው በዝቶብኝ እኔው ነኝ የጨመርኩበት" አለች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን እንዳስለቀሰኝ እንጃ።

የሐኪሙ ቀጠሮ አገሩ በመዘጋቱ ምክንያት ተራዝሞ ተራዝሞ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደረሰ። ሐኪም ቤት የሄድነው በእግራችን ነው፣ ሦስታችንም። አስታማሚ አንድ ብቻ ስለሚገባ ጸሐይነሽ በር ላይ ቀረች። ደም ሲወስዱላት እቴቴ ዓይኗን ጨፍና እጄን ልትሰብረው ደረሰች፤ ግን አልወደቀችም። ውጤቱ እስኪመጣ ስንቀመጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። እቴቴ ዝም ስትል እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ካልወረደ እንደማትወጋ አውቃለሁ፤ ካልተወጋች ምን እንደሚመጣም አውቃለሁ።

ሽማግሌው ሐኪም ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። "ወርዷል። በደንብ ወርዷል። መርፌ አያስፈልግም" አለ። "ስፖርቱን ሠራሽ ማለት ነው!"

"ስፖርት? እኔ?" አለች እቴቴ ተቆጥታ። "ሰው ስሸኝ ነው የከረምኩት።"

አንገቷን አቅፌ ጭምብሌ ውስጥ አለቀስኩ። "ተይ እንጂ፣ ሰው ያየናል" ትላለች፤ የእሷም ዓይን ግን እንባ አቅርሯል።

ስንወጣ ጸሐይነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ከጎኗ ደግሞ ሉቅማን! ለካ በዚያው ሰሞን ቦዳ ሰው መጫን ተፈቅዶለት የመጀመሪያ ደንበኛውን ፍለጋ ከሰፈር ጠያይቆ መጥቷል። ጸሐይነሽ ከሩቁ ፊታችንን አይታ እልል አለች፤ ዘበኛው ደነገጠ። ሉቅማን የቦዳውን መቀመጫ በእጁ ጠራረገና ከእቴቴ በተማራት አማርኛ ጠየቃት።

"እትዬ! ወዴት ነው?"

እቴቴ የጸሐይነሽን ክንድ ያዘች። መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች።

"የትም" አለችው። "ዝም ብለን ነው።"

ሉቅማን ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እነሱ ሄደዋል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቦዳውን በእጁ እየገፋ፣ ከእኔ ጋር ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው።