ዳሽቦርዱ በርቶ ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እቆይና ይህኛው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ውጬው እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት ዋጥኩት። እስቲ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ባለች ትንሽ ጋራዥ እሠራለሁ። ጋሽ ታምራት የሚባሉ ሹፌር ደንበኛዬ ነበሩ። ቂሊንጦ ላለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን በሚኒባስ የሚያመላልሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እስቲ እየው፤ ነገሩ አላማረኝም» አሉኝ።

እኔም ሰው በተሰበሰበበት፣ «በአንድ ሰዓት ውስጥ አስረክብዎታለሁ» አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

የባትሪውን ጫፎች ጠርጌ አጠበቅኩ። ዲናሞውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ፊውዞቹን ቀየርኩ። ያም ሆኖ ዳሽቦርዱን በእጄ መታ ሳደርገው መብራቱ ይርገበገባል። ሦስት ሰዓት አለፈ። የጋራዡ ልጆች «ዛሬስ አሸነፈችህ» እያሉ ይስቁብኛል። በመጨረሻ ነገሩ ገባኝ፦ ከመብራት ማብሪያው ጀርባ ያለው ሶኬት ላልቷል። እሱን ለማግኘት ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ያስፈልጋል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የፊት መብራቱም ኃይል የሚያገኘው በዚያው ሶኬት በኩል ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው ደግሜ የምነግራችሁ፤ አውቅ ነበር።

«ሰኞ ይመለሱ» ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን አዲስ ሽቦ ጎትቼ፣ ሶኬቱን አልፌ፣ የዳሽቦርዱን አምፖሎች ብቻ በሌላ መስመር አገናኘኋቸው። መርገብገቡ ቆመ። ጋሽ ታምራት አዩና «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሚኒባሷ በጋራዡ በር ባለፈች ቁጥር ዓይኔ የፊት መብራቷ ላይ ነው። ዛሬ ልጥራቸው፣ ነገ ልጥራቸው እላለሁ። ሐሙስ ማምሻውን ዝናብ እየጣለ ወደ ቂሊንጦ ሲወርዱ የፊት መብራቱ ድንገት ጠፋባቸው። መኪናዋ መንገድ ስታ ቦይ ውስጥ ገባች። ከጎናቸው የተቀመጠችው ወይንሸት የምትባል የፋብሪካው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቀኝ እጇ ተቀጠቀጠ።

ጋሽ ታምራት «መብራቱ ጠፋብኝ» ብለው ተናገሩ። ማን ይመናቸው? የደረሰው ሰው ሁሉ ዳሽቦርዱ ቦግ ብሎ ሲበራ አይቷል። የፊት መብራቱን ቢሞክሩትም በራ፤ ግጭቱ ሶኬቱን መልሶ አገናኝቶት ኖሯል። ትራፊኩ እኔን ሊጠይቀኝ መጣ። «ቅዳሜ ጠግኜዋለሁ፤ ደህና ነበር» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህም አልበቃኝም። መኪናዋ ተጎትታ ወደ እኛው ጋራዥ መጣች። ሰው በሌለበት ዳሽቦርዱን አወረድኩት። ሶኬቱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። በአዲስ ቀየርኩና የተቃጠለውን አቃቂ ወንዝ ወረወርኩት። ቅዳሜ የሰነፍኩበትን ሥራ ወንጀል ለመደበቅ ሲሆን በሁለት ሰዓት ጨረስኩት።

ጋሽ ታምራት መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀሙ፤ ከሥራም ወጡ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ለጠያቂዎች ሳሙናና ዳቦ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። እየሄድኩ እገዛቸዋለሁ። ለምን እሄድ ነበር? መታወቅ አለመታወቄን ልሰልል ነበር? እሳቸውማ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠሩኝም። «አንተ ሥራህን ሠርተሃል፤ የከዳኝ ዓይኔ ነው» ይሉኛል። ሐኪም ዓይናቸው ጤነኛ ነው ቢላቸውም አላመኑትም።

ባለፈው ወር ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ትንሿ የልጅ ልጃቸው መንገድ እንዲያሻግሯት እጃቸውን ያዘች። «እኔ አልታመንም፤ እናትሽን ጠብቂ» አሏት። ከዚያ በኋላ መዋጥ አልቻልኩም። ልጅቷ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽቦውን፣ ለትራፊኩ የሰጠሁትን ቃል፣ ወንዙን።

«ጠፍቶ ነበር?» አሉኝ።

«ጠፍቶ ነበር፣ ጋሽ ታምራት። እርስዎ ልክ ነበሩ።»

«ስድስት ዓመት የሰው ክንድ ይዤ ነው መንገድ የምሻገረው» አሉ።

እግራቸው ላይ ስወድቅ እግራቸውን ሰበሰቡ። «ለእኔ ብቻ ነግረህ አትገላገልም። ለልጆቼ ንገራቸው። ለትራፊክ ሂድና ቃልህን አስተካክል። ወይንሸትንም ፈልጋት።»

ለልጆቻቸው ነገርኳቸው፤ ትልቁ ልጃቸው ሳልጨርስ ጥሎኝ ወጣ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄም ፈርሜ መጣሁ፤ የሚመጣብኝን እጠብቃለሁ። ለሚስቴ የነገርኳት የዚያን ዕለት ማታ ነው፤ እስካሁን በወጉ አታናግረኝም። ልጅነት ነው እንዳልል ያኔ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። ችግርም አላስገደደኝም። የጋራዡ ልጆች ሳቁብኝ ብዬ ነው።

የወይንሸትን ስልክ ትናንት አገኘሁና ደወልኩላት። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይቅርታ እንድታደርግልኝ ስለምናት፣ «እጄ በስልክ አይታይም፤ መጥተህ እየውና ያኔ ጠይቀኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።