ጣሪያ ሥር የተሰቀለው አልጋ

አንድ ተራ ድምፅ ሰምታችሁ፣ ምንም ሳይደርስባችሁ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እንዲህ የሚያደርገኝ የባንዲራ መስቀያ መዘውር ነው። ወልቂጤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ባንዲራው ሲወጣ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችው መዘውር ሲጥ ሲጥ ትላለች። ተማሪዎቹ መዝሙር ይዘምራሉ። እኔ ገመዱን አያለሁ። የበርበሬና የቀለጠ ቅቤ ሽታ ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬ ላይ ይደርሳል።

ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ያደግነው ቡታጅራ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እናታችን በርበሬ እየነገደች ታሳድገን ነበር፤ የክፍሉን እኩሌታ የያዙት ጆንያዎቿ ነበሩ። እሷና እኔ በአንድ አልጋ እንተኛለን። ታላቅ ወንድሜ ጆንያዎቹ ላይ ሰሌን ዘርግቶ ይተኛል። በተገላበጠ ቁጥር ብናኙ ይነሳና ያስለዋል፤ እሱ ሲያስል እኛም እናስነጥሳለን።

እኔ ያኔ ቤታችንን በሐሳቤ እያፈረስኩ የምሠራ ልጅ ነበርኩ። ካርቶን ካገኘሁ እስላለሁ፦ ከግድግዳ የሚዘረጋ ጠረጴዛ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የሚበራ የራስጌ መብራት፣ አይጥ ጆንያ ስትነካ የሚንኳኳ የቆርኪ ደወል። ደወሉን ሠርቼው ነበር፤ አይጧ ለመደችው፣ እኛ ግን እንቅልፍ አጣን። ወንድሜ "ኢንጂነሯ" ብሎ ይጠራኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ በስልክ ለአጎታችን ስትናገር ሰማሁ። "ለአረፋ ስትመጣ ልጁን ውሰደው። ቤቱ አልበቃንም፣ ማደሪያ የለውም። ደረቱም አልተሻለውም።"

አጎታችን አዲስ አበባ ሱቅ አለው። በእኛ አገር አጎቱን ተከትሎ ሱቅ የሚገባ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ወንድሜ ግን አሥረኛ ክፍል ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ መሄድ እንደማይፈልግ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። እኔም ከእናቴ ንግግር አንዷን ነገር ይዤ ቀረሁ፦ ችግሩ ቦታ ነው። ቦታ ደግሞ ይሠራል። ወለሉ ሞልቷል፣ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ግን ባዶ ነው።

ንድፉ ይህ ነበር። በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ፣ ቀን ቀን ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ይውላል፣ ማታ ይወርዳል። ለተማሪዎቼ ዛሬ የማስረዳውን ያኔ አላውቅም ነበር፦ አንድ ቋሚ መዘውር ሸክሙን አያቀልም፤ የምንስብበትን አቅጣጫ ብቻ ይቀይራል።

ወንድሜን ወለል ላይ አጋድሜ በሲባጎ ለካሁት።

"ለከፈን ነው እንዴ የምትለኪኝ?"

"ዝም ብለህ ተዘርጋ። አትንቀሳቀስ።"

"ካልተንቀሳቀስኩማ ከፈን ነው።"

ሲባጎው ላይ፣ ተረከዙ ጋ ቋጠሮ አሰርኩ። መዘውሩን ጎረቤታችን ከደረቀ ጉድጓዱ ላይ ነቅሎ ሰጠን። ዝገት ስለነበረው ይጮኻል፤ ስለዚህ እናታችን ለአረፋ ካስቀመጠችው ቅቤ ቆንጥረን ቀባነው። አልጋውን ሰቅለን የገመዱን ጫፍ በሩ ላይ ካለው ኩላብ፣ ከዕቃ ማንጠልጠያው፣ ቋጠርነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አልጋውን ቀና ብላ ብዙ አየችው። "በአላህ፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ" ብላ ብቻ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አረፋ ደረሰ። አጎቴ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ገባና የት ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ልክ ከአልጋው ሥር። ዕቅዳችን ግልጽ ነበር፦ የመሄዱን ነገር ሲያነሳ ወንድሜ አልጋውን ያወርዳል፣ "ማደሪያዬ ይኸው" ይላል።

ያላሰብኩት የጣሪያውን ቆርቆሮ ነው። ቅቤ በጠዋት ይረጋል፤ ቀትር ላይ ግን ቆርቆሮ ሥር ያለ ነገር ሁሉ ይግላል። ቅቤው ቀልጦ በገመዱ እየወረደ እስከ በሩ ኩላብ መጣ። ቋጠሮው ሲንሸራተት አየሁት። ወንድሜም አየው። ተነስቶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠና ገመዱን ከኋላው ጨብጦ ቆመ።

"አንተ ልጅ፣ አትበላም እንዴ?" አለው አጎቴ።

"ጠግቤያለሁ፣ አጎቴ።"

"በቆምክበት?"

የያዝኩትን ክትፎ ሳህኑ ላይ መለስኩ። የወንድሜ ክንድ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ መዘውሩ አንዴ ሲጥ ባለ ቁጥር የአጎቴን አናት አያለሁ። ከዚያ ጠብታዋ ወረደች፤ ነጩ ኮፍያ ላይ ቢጫ ሆና ተዘረጋች። አጎቴ ዳሰሳት፣ አሸተታት።

"አንቺ እህቴ! ጣሪያሽንም ቅቤ ትቀቢዋለሽ?"

ቀና ሲል አልጋውን አየና ፈቀቅ አለ። ወንድሜ ገመዱን ቀስ እያለ አላላ፤ አልጋው እየተንጫጫ ወርዶ መሃላችን ቆመ። ወንድሜ የሚለውን ረሳው። እኔ ነኝ "ማደሪያው ነው" ያልኩት፤ ድምፄ ግን የራሴ ጆሮ እንኳ አልገባም።

አጎቴ አልጋውን ገፋ፣ ጎተተ፣ ተቀመጠበት። "ማን ነው ይሄን ያሰበው?"

"እሷ ናት" አለ ወንድሜ።

"ወላሂ፣ እናትሽ ስትለምነኝ ምን እንዳዘገየኝ ታውቂያለሽ? የሱቄ ጓዳ ቁመት አለው፣ ወርድ የለውም። ልጁን የማሳድርበት አጥቼ ነበር እኮ!" ንድፉን የሳልኩበትን ካርቶን አስመጣና በስልኩ ፎቶ አነሳው። "አይዞህ፣ የማታ ትምህርት አስገባሃለሁ" አለው ወንድሜን።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። ወንድሜ ገመዱን አልለቀቀም ነበር። እኔን አየኝና "ጎበዝ፣ ኢንጂነሯ" አለኝ። ያኔ ሹፈት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄደ። አልጋው በንድፌ ተሠራለት። ስደውልለት መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር።

"እንዴት ነው አልጋው?"

"ይንጫጫል።"

"ቅቤ ቅባው።"

"እኔ የምበላው ቅቤ አጥቻለሁ፣ አንቺ መዘውር ታበያለሽ!"

ከዓመት በኋላ ግን አንድ ጊዜ፣ "ኢንጂነሯ፣ እግሬ ወጣ" አለኝ። ቁመቱ ከአልጋው አልፎ ነበር። እሱ ሳቀ። እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሲባጎውን ፈልጌ ቋጠሮውን ያዝኩት። እኔ ሳላየው ያደገውን የሚለካ ሲባጎ ግን አልነበረኝም።

ቡታጅራ ያለው አልጋ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። እናቴ "ለአረፋ ሲመጣ ይተኛበታል" ትላለች፤ እንደማይበቃው አልነገርኳትም።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ዛሬ ክፍላችሁን በወረቀት ላይ ሳሉ፤ የሚታጠፍ፣ የሚሰቀል፣ የፈለጋችሁትን ፍጠሩ። መጀመሪያ ግን አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው አጋድማችሁ በሲባጎ ለኩት። ይቀልድባችሁ፣ አትቸኩሉ። ቋጠሮውን ስታስሩ ደግሞ ለሚያድገው አንድ ስንዝር ጨምሩ።