አማከለችና የጥቁር ውሃ ቆሮሶ

የአማከለች አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ይፈጃል ቢባል ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቁልቁል ሁለት ሰዓት፣ ሽቅብ ሦስት ሰዓት። ሃያ ትል ከነእርጥብ አፈሩ። ሁለት እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመመለሻ። እስክትመለስ ድረስ ላሟን ጎረቤቷ አስካለ ማርያም ስለምታይላት፣ ለእሷ ውለታ አንድ እንዝርት ፈትል። ጉልበቷ ላይ የሚያድረውን ቁርጥማት ብንተወው እንኳ፣ በዚህ ሁሉ ወጪ ከወንዙ ይዛ የምትመለሰው መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ ሦስት ወይም አራት ቆሮሶ ዓሣ ነው። በነጋዴ ዓይን ላየው ሰው ኪሳራ ነው። እሷ ግን በዕድሜዋ እንዲህ ያተረፈችበት ሥራ እንደሌለ ትናገራለች።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። አማከለች የመንዝ ሞላሌ ልጅ ናት፤ በትዳር ወደ መርሐቤቴ ወርዳ፣ የጀማን ወንዝ ቁልቁል በሚያይ አፋፍ ላይ ባለች መንደር ጎጆ ወጣች። ባሏ ተክለጻድቅ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ለመንደሩ ልጆች ዳዊት ያስተምራሉ። በሰው ፊት «አንቱ» ትላቸዋለች፣ በጓዳ «አንተ»። በዚያ ዓመት ጥር ላይ መሪጌታ ሳንባቸውን ታመው የስምንት ወር መድኃኒት ታዘዘላቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ አርባ ሦስት ኪሎ።

«ይህ መድኃኒት ብቻውን አይሆንም» አለች ለአማከለች። «እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ የተገኘውን ይብሉ። ካልበሉ ግን…»

ነርሷ ንግግሯን ሳትጨርስ ካርዱን ሰጠቻት። የቀረውን አማከለች በመንገድ ላይ ለብቻዋ ጨረሰችው።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። መሪጌታ እንደ ወትሯቸው ጾሙ። መድኃኒታቸውን እንኳ ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወሩት። በሽተኛ እንደማይገደድ ብትነግራቸው፣ «ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ዛሬ ብለቀው፣ ልጆቹ ፊት ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» አሏት። እየሳሉ ያስተምራሉ፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሽሮ ቀምሰው ይተኛሉ። መቀነት ያህል ቀጥነው ነበር።

በቅድስት ሳምንት አማከለች የማይሆን ነገር አደረገች። አንድ ማንኪያ ቅቤ ሽሮው ውስጥ ጣል አድርጋ፣ ሽታውን በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ሸፈነችው። መሪጌታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ። አኘክ አኘክ አደረጉና አቆሙ። ከአፋቸው አወጡት። አልተቆጡም፤ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ከቤታቸው ወጥ የሚባል ነገር አልቀመሱም።

«ቆሎ ስጭኝ። ቆሎ ውስጥ ምንም አይደበቅም» አሉ።

ሦስት ቀን ቆሎና ውሃ ብቻ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋቢያቸውን ከመደቡ ላይ ለማንሣት አቅም አጡ። አማከለች ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ መርስዔ ኃዘን ቤት ገሰገሰች።

«አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሽሯቸው ውስጥ ቅቤ ጨመርኩባቸው።»

አባ መርስዔ ኃዘን ጠየቁ፤ «ምን ያህል?»

«አንድ ማንኪያ።»

«ማንኪያው ይቆየን። ሕመሙ የታወቀው በጥር ነው፤ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«እሳቸው ራሳቸው ይነግሩዎታል ብዬ ነዋ።»

«ተክለጻድቅ? እሱማ ቤቱ ቢቃጠል ጭሱን አይቼ ነው የምሰማው። ነይ፣ እንሂድ።»

ደረሱ። አባ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ያለ መግቢያ፣ «ዓሣ ትበላለህ። ከዛሬ ጀምሮ ሁዳዴ እስኪፈታ» አሏቸው።

«አባ፣ ዓሣስ ነፍስ ያላት አይደለችም?»

«እሱን ሲሻልህ ቁጭ ብለን እንከራከርበታለን። አሁን የምናገረው እንደ ነፍስ አባትህ ነው።»

መሪጌታ አሰብ አደረጉ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ ቢጤ ብቅ አለ። «እንዳሉ ይሁን። ከተገኘ እበላለሁ።»

አማከለች ያችን ፈገግታ ዐወቀቻት። በዚያ አፋፍ ላይ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ታይቶ አይታወቅም። መሪጌታ ትእዛዙንም አክብረው ጾማቸውንም ይዘው የሚወጡበት ቀዳዳ ያገኙ መስሏቸዋል።

«ይገኛል» አለች ከምድጃው ጥግ።

በመንደሩ ዓሣ የሚያውቀው ገሠሠ ብቻ ነበር። ገሠሠ የቀድሞው ጦር ወታደር ነው፤ ዝዋይ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ማጥመድ ተምሮ፣ ጦሩ ሲበተን አገሩ ገብቶ አልፎ አልፎ ከወንዙ አምባዛ ያወጣል። አማከለች የመጣችበትን ስትነግረው ሳቀ።

«አንቺ የመንዟ? እናንተ አገር በጉም ይዋኛል እንዴ?»

«አይዋኝም፣ ጋሽ ገሠሠ። ውሃው ዘንድ ደርሶ የሚፈልገውን አግኝቶ ይመለሳል። እኔንም እንደሱ ያድርጉኝ።»

ይህን ሲሰማ ሳቁን ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። በጣሳ ላይ የተጠቀለለ ናይለን ክርና ከጥይት ያወጣው ድቡልቡል እርሳስ ሰጣት። መንጠቆዎቹ ግን ለአምባዛ አፍ የተሠሩ ትላልቆች ነበሩ፤ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ናት። የልብስ መርፌ በፍም አግሎ ቆልምሞ ትንሽ መንጠቆ ሠራላት። «ወደ ኋላ የሚይዝ ጉጥ የለውምና ስትስቢ ክሩን እንዳታላዪ፤ ካላላሽ ሄደች» አላት።

ወንዙ በሁዳዴ ይደርቃል። የሚቀረው ከገደል ሥር የተኛው ጥቁር ውሃ የሚሉት ጥልቅ ኩሬ ነው። ዓሣው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ውሃው ስለሚጠራ ደግሞ ከአሞራ ሽሽት ወደ ታች ይወርዳል። ገሠሠ እንዳሳያት እርሳሱን መሬት አስነክታ ብትጥል፣ ትሉን ሸርጣን በላው፣ መንጠቆው ድንጋይ ሥር ተወተፈ። ከላይ እንዲንሳፈፍ ብላ ከመንጠቆው አንድ ክንድ ከፍ አድርጋ የማሽላ አገዳ ቁራጭ ክሩ ላይ ብታስር፣ ትሉ ላይ ላዩን ተንጠለጠለና ጣት የማይሞሉ የዓሣ ጫጩቶች ለቃቅመው ጨረሱት። ድንጋይ በክር አውርዳ ጥልቀቱን ለካችው፤ ሦስት የሰው ቁመት ሆነ። አገዳውን ሦስት ቁመት ላይ ስታስረው ደግሞ ያን የሚያህል ክር የሚወረወርበት ቦታ የለም፤ የምትቆምባት ድንጋይ ጠባብ ናት፣ ከኋላዋ እሾህ አለ። ክሩ አንዴ እሾሁ ላይ፣ አንዴ ነጠላዋ ላይ ተጠመጠመ።

ሦስት ቀን ባዶዋን ወጣች። መሪጌታ ስትገባ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩዋታል፤ ከዚያ ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እናቷ ከሞላሌ የላከችላትን የበግ ጸጉር ስትፈትል፣ የእንዝርቷ ቀለበት ቀዳዳው ሰፍቶ ኖሮ ተንሸራተተ። ቁልቁል ሄደና የተጠቀለለው ፈትል ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሳ ወደ ላይ ገፋችው። አሁንም ተንሸራተተ፣ አሁንም ፈትሉ ላይ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ አልገፋችውም። እንዝርቱን እዚያው ጥላ የገሠሠን ጣሳ ልታመጣ ገባች።

አገዳውን ከማሰር ይልቅ መሐሉን በጋለ መርፌ በሳችውና ክሩን አሾለከችበት፤ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት። ውሃ እንዳይጠጣ የጧፍ ቁራጭ አቅልጣ ቀባችው። ከመንጠቆው ሦስት ቁመት ሲቀነስ ስንዝር ለክታ፣ ክሩ ላይ የጸጉር ፈትል አራት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረችና በምራቋ አርሳ አጠበቀችው። ስትወረውር አገዳው እርሳሱ አጠገብ ይሆናል፤ የሚወዛወዘው አንድ ክንድ ብቻ ነው። ውሃው ላይ ሲያርፍ እርሳሱ ክሩን በአገዳው ውስጥ እየሳበ ይሰምጣል፤ ቋጠሮው አገዳው ዘንድ ሲደርስ ያቆመዋል። ትሉም ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል።

በማግስቱ ወርዳ ሞከረችው። እርሳሱ ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ አልቆመም። ቋጠሮው በቀዳዳው ሾልኮ አልፏል። ቤት ተመልሳ ከመሪጌታ አሮጌ ሸሚዝ አንድ ቁልፍ ቆረጠች።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ ከመደባቸው።

«አገዳ ላይ ልተክለው ነው።»

«አገዳው ሸሚዝ ሊለብስ?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተናገሯት የመጀመሪያ ቀልድ ነበረች። አማከለች ቁልፉን በቋጠሮውና በአገዳው መካከል ክሩ ላይ አስገብታ ተኛች።

ማግስቱ የመጻጉዕ ሳምንት ሐሙስ ነው። ወረወረች። አገዳው መጀመሪያ ጋደም ብሎ ተኛ፤ ክሩ እየሾለከ ወረደ፤ ቁልፉ ጠቅ ብሎ አረፈበትና አገዳው ቀጥ ብሎ ቆመ። እርሳሱ ከወለሉ በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ አገዳው ነቅነቅ አለ። ጠበቀች። ነቅነቅ አለና ቀስ ብሎ በጎኑ ተንሸራቶ ሰጠመ። ክሩን ሳታላላ በእጇ በእጇ ሰበሰበችው። ጎኗ ሰፊ፣ ጀርባዋ እሾህ የሆነች ቆሮሶ ድንጋዩ ላይ ተንደፋደፈች። አማከለች ነጠላዋን ጣለችባትና ላይዋ ላይ ተቀመጠች ማለት ይቀላል።

በዚያች ቀን አራት ያዘች። ገደሉን ስትወጣ ጉልበቷ አልተሰማትም።

ቆሮሶዎቹን በዘይት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ጠብሳ አቀረበች። መሪጌታ ሳህኑን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ደግሞ ሳህኑን።

«ከየት መጣ?»

«ከጥቁር ውሃ። ከተገኘ እበላለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ» አሉና ባረኩት። ብዙ ቆይተው፣ «እሾኳ ብዙ ነው» አሉ።

«ቀስ ብለህ ብላ። የሚያጣድፍህ የለም።»

አራቱንም በሉ። በማግስቱ ሦስት፣ በሳልስቱ አምስት መጣ። በሆሳዕና ወደ ቤተ ክርስቲያን ያለ ድጋፍ ሄዱ። ከፋሲካ በኋላ ነርሷ ስትመዝናቸው አርባ ዘጠኝ ሆኑ፤ ሚዛኑን ተጠራጥራ እሷ ራሷ ወጥታበት ነበር። መስከረም ላይ መድኃኒታቸውን ጨረሱ።

ዛሬ መሪጌታ ድምፃቸው ከማኅሌት እስከ አፋፉ ድረስ ይሰማል። በቅዳሜ አብረዋት ወርደው ትል ይቆፍሩላታል፤ ስለ ዓሣና ስለ ጾም ከአባ መርስዔ ኃዘን ጋር የጀመሩት ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም። አማከለችም መውረዷን አልተወችም። ያንን የሰሙ ሰዎች የታመመ ጿሚ ሲኖራቸው ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ። ዘንድሮ ሁዳዴ የሦስት ቤት በሽተኞች የሚበሉት ከጥቁር ውሃ ነው። ቋጠሮውን ለመጣው ሁሉ ታሳያለች፤ ገሠሠ እንኳ አምባዛውን ትቶ የሸሚዝ ቁልፍ ሲፈልግ ታይቷል።

ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አላት። በሁዳዴ ወደ ጥቁር ውሃ የሚወርድ ካለ፣ የብርብራ ዱቄት ይዞ አይምጣ። ብርብራ ውሃውን ሲመርዘው ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል፣ የሚቀጥለውም ዓመት ባዶ ይሆናል። ክርና ቁልፍ ይዛችሁ ኑ፤ ቋጠሮውን እሷ ታሳያችኋለች። ከመዳፍ ያነሰችውን ቆሮሶ ግን እባካችሁ መልሷት፤ ለከርሞ የማን ቤት እንደሚያስፈልጋት አይታወቅም።