የጠዋቷ ኪኒን

የአባቴ ውሻ አርጅቶ የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ ካበጠ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት መነሳት ጣር ሆኖበት ነበር። አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ ለውሻው ይሳሳል ብል አልዋሸሁም። ደብረ ማርቆስ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነውና ዕድሜ ልኩን የሚውጠው የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ሐኪሙ አጥብቆ አስጠነቀቀን፦ ሳይበላ እንዳይወስድ፣ ጨጓራውን ያቆስለዋል፤ ዓይነ ምድሩ ከጠቆረ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

ክረምቱንም በጋውንም በደህና ከረመ። ሁዳዴ ከገባ በኋላ ግን በስልክ የምሰማው ነገር ያስፈራኝ ጀመር።

«እግሩማ ድኗል፣ እስከ አውድማው ይሮጣል» ይለኛል አባቴ። «ምግብ ብቻ ትንሽ ቀነሰ።»

በሌላ ቀን ደግሞ «ከሳብኝ» አለኝ። ልቤ አላርፍ ቢለኝ በማለዳ ተነስቼ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን ሄድኩ።

ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የውሻውን አፍ ከፍቶ ኪኒኗን በውኃ ያወርድለታል። ምድጃው እሳት አልነካውም።

«አባባ፣ ምን በልቶ ነው?»

«ምን ይበላል? ጦም አይደለም እንዴ! ከቅዳሴ ስመለስ ከእኔ ጋር ይበላል። ኪኒኑን ግን አንድ ቀን አላስተጓጎልኩበትም፤ የሚያመው እኮ ጠዋት ነው።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ሳይ ግን ንዴቴን ዋጥኩትና ወደ ጓሮ ዞርኩ። አጥሩ ሥር ያለው የውሻው ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጦሙ ከገባ ወዲህ። የፍስክ ፍርፋሪ ስለቀረበት መስሎኝ ነበር» አለ። አስተያየቴን ሲያይ የሐኪሙ ነገር ትዝ አለው መሰል፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው።

ለሐኪሙ ደወልኩለት። «ኪኒኑን አቁሙና አሁኑኑ ይዛችሁት ኑ» አለኝ፤ ድምፁ አላማረኝም። ባጃጅ ጠርቼ ስመለስ አባቴ ቅዳሴውንም ትቶ እሳት አንድዷል። አጥሚት ሠርቶ፣ በትንፋሹ አብርዶ ውሻው ፊት አስቀመጠለት።

«ብላ እስቲ፣ የኔ ጌታ።»

እኛን ልጆቹን እንዲህ ሲለን ሰምቼ አላውቅም። ውሻው አሸተተና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተነሳ፤ ምንም ሳያነክስ ሣህኑን አልፎ ሄዶ አጥሩ ሥር በሆዱ ተኛ።

«አየኸው?» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። «እግሩን እኮ አላመመውም።»