የቀያሹ ሁለት ሜትር

ጡረታ ሊወጣ አንድ ሐሙስ የቀረውን ቀያሽ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚጠራው ሚሊሜትር ብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት ሲለካ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይባላል፤ ይህን ወሬ አብዝቶ የሚያወራው ደግሞ ራሱ ነው። አልጋ ሊገዛ ሄዶ ሻጩን ግማሽ ቀን ሜትር እንዳስያዘው ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ ያነሡበታል።

በዚህ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የድሮውን የአውቶቡስ ጋራዥ ቦታ ለአልሚ ሊሰጥ ተነሣ። ቦታው የሕዝብ ነው። ሦስት አልሚዎች ሐሳብ አቀረቡ፤ አንደኛው ባለ አሥር ፎቅ የገበያ ማዕከል፣ ሁለተኛው አፓርታማ። ሦስተኛው ግን ዝቅ ያሉ ሱቆች ሠርቶ በመካከላቸው የእግረኛ መንገድ ሊተው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ያን ሁሉ አጥር ሲዞር ለኖረ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢም ልቧ ወደዚያው አድልቶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በካርታው ሲሰላ መንገዱ ከደንቡ ሁለት ሜትር ጠበበ። ሐሳቡን ሊጥሉት ሆነ።

«ለማንኛውም፣ ጋሼ ሚሊሜትር፣ ወርደው ድንበሩን ያረጋግጡልን» አለች ሰብሳቢዋ። ካርታው የእሱ ሥራ ስለሆነ ስህተት ይገኛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወረደ። በጋራዡ ጥግ ለዓመታት ተከምሮ የኖረው አሮጌ ጎማ ተነሥቷል፤ ከሥሩም የማዕዘኑ የድንበር ድንጋይ ብቅ ብሏል። ሚሊሜትር ድንጋዩን ሲያይ ትዝ አለው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «አሁን ይሄን ሁሉ ጎማ ማን ያነሣል» ብሎ አጠገቡ ካለው የመብራት ምሰሶ ተነሥቶ ነበር የለካው። ምሰሶውና ድንጋዩ አንድ መስመር ላይ ናቸው ብሎ ገመተ። የማይገምተው ሰውዬ፣ አንድ ቀን ገመተ። አሁን ከምሰሶው እስከ ድንጋዩ ሜትሩን ዘረጋ፤ ሁለት ሜትር። ደገመው፤ ያው ሁለት ሜትር። የሕዝቡ መሬት ወደ ምሥራቅ ሁለት ሜትር ይቀጥላል ማለት ነው።

በምሥራቅ በኩል ያለችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋን ያሠራችው እሱ በተከለው ችካል ልክ ነው። «ግድግዳሽን እዚህ ድረስ አምጪው፣ ማንም አይነካሽም» ያላትም እሱ ነው። የሱቁ ወርድ አራት ሜትር አይሞላም።

ዝም ቢል የሚያውቅ የለም። አንድ አካፋ አፈር ድንጋዩን ይሸፍነዋል፤ እውነቱን ለመናገር አካፋ በዓይኑ ፈልጓል። ያሳደገችው እሷ ናት። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ዩኒፎርም እየሰፋች ያስተማረችውም እሷው ናት።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄደ። የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጠች ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ።»

«አንተ? ይሄንማ ጽፈህ ፈርምልኝ» ብላ ሳቀች። ነገሩን ሲያስረዳት ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለኮሚቴው ነገርካቸው?»

«ገና ነው። መጀመሪያ አንቺ ስሚው ብዬ ነው።»

«ዝም በል እንድልህ ነው የመጣኸው?»

ለዚያ ኖሯል የመጣው፤ ራሱም ያወቀው ሲጠየቅ ነው።

«አልልህም» አለች። «ንገራቸው ብዬም አልመርቅህም። ሂድ አሁን፣ ሥራ አለብኝ።»

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆመ። «ስህተቱ የኔ ነው» አለ። «ሁለቱ ሜትር ላይ ያለው ሱቅ የእህቴ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ያመነችው እኔን ነው።» ሰብሳቢዋ ወንበር ሳበችለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በደንቡ ሄደ። ሦስተኛው ሐሳብ ወደ ግምገማ ተመለሰ፤ መንገዱም የደንቡን ስፋት ስለሞላ እሱ ተመረጠ። ለእህትየው ምትክ ሱቅ ተሰጣት፤ ሁለት ጎዳና አልፎ፣ ደንበኞቿ በማያውቁት በኩል። ለሚሊሜትር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ባልደረቦቹ አልሳቁበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

ወደ ምትኩ ሱቅ ዕቃ በምታዛውርበት ቀን ሳትጠራው መጣ። ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ በመስኮቱ ሥር ይገባ እንደሆነ ከግድግዳ ግድግዳ ለካ።

«ሁለት ከአርባ። ይገባል» አላት።

የልብስ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ እሱ ከተነሣበት ጥግ ተነሥታ፣ ሜትሩ ያለቀበትን በጣቷ እየያዘችና እየቀጠለች እንደገና ለካችው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሱን ልኬት ደግሞ የለካ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ቆሞ ጠበቃት።

«ልክ ነው» አለች በመጨረሻ። «በል፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»