ከመርሳ ይዤው የወጣሁት ቁልፍ

ልጅ ሳለሁ መርሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው የአባቴ ጋራዥ ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነበር የምንኖረው። አባቴ የጭነት መኪና ፍሬን የሚሠራ መካኒክ ነበር። ከአጥራችን ማዶ፣ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በዘበኝነት ዕድሜያቸውን የጨረሱት አባ ይማም አልጋ ላይ ከዋሉ ባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሲመሽ የሰፈሩ ልጆች እሳቸው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል፤ በማንደጃው ፍም ላይ የማሽላ እሸት ይጠበሳል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ትኩሱን ፍሬ ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጥን፣ አባ ይማም ዝግ ባለ ድምፅ የሚያወሩት እንዳያመልጠን ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን። እሳቸው ተረት ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም ነበር። ጅቡ፣ ዝንጀሮው፣ ጎርፉ ሁሉ በጣቶቻቸው ነበር የሚመጣው።

እኛ መከታ የሚባል ውሻ ነበረን። ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሌባን የማይፈራ ውሻ ነበር። ርችት ግን ያሳብደዋል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ጥር ላይ፣ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ሠርግ ነበርና ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ርችት ተተኮሰ። እኛ ልጆች አንጋጠን ስናጨበጭብ መከታ የቆርቆሮ አጥሩን ሥር ፈልፍሎ ወጣና ወደ አስፋልቱ በረረ። ከሁለት ቀን በኋላ ጆሮው ተቀዶ፣ እያነከሰ ተመለሰ። አባቴ በማግስቱ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ገዝቶ መጣ፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከተተከለው የብረት ቀለበት ጋር አሰረው፤ ቁልፉንም መሣሪያ መደርደሪያው አጠገብ ካለች ምስማር ላይ ሰቀለው።

የዚያን ዕለት ምሽት አባ ይማም የውሻን ተረት አወሩልን። ውሻ ድሮ ብቻውን ጫካ ይኖር ነበር አሉ። ጆሮው የማይሰማው ነገር የለም፤ የሰማው ነገር ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ነጎድጓድ ሲጮህ ይሮጣል፤ ድንጋይ ሲንከባለል ይሮጣል፤ ዕድሜውን ሲሮጥ ኖረ። አንድ ቀን ጆሮው ከባድ፣ ልቡ ግን የረጋ ሰው አገኘ። ያ ሰው ነጎድጓዱን ሰምቶ «ዝናብ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ውሻው ይህን ሲያይ፣ «እኔ ልስማልህ፣ አንተ እወቅልኝ» አለው፤ ሰውየውም እሺ አለ። አባ ይማም እዚህ ላይ ሲደርሱ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና ውሻ ቃሉን እንደጠበቀ፣ የሰውን ነገር ግን አላህ እንደሚያውቅ ነገሩን።

ልጆቹ ሲበተኑ አባቴን በአጥሩ ላይ ጠሩት። ውሻ የፈራውን ነገር ሸሽቶ ማምለጥ ካልቻለ ፍርሃቱ እጥፍ እንደሚሆን፣ የተኩስና የርችት ቀን ሲመጣ ፈትቶ ቤት ውስጥ ቢያስገባው እንደሚሻል መከሩት። አባቴ ሽማግሌ ስለሚያከብር እሺ አለ። አላደረገውም። እኔን ግን አባ ይማም ለብቻዬ፣ «ልጄ፣ የሚያስፈራ ድምፅ ሲመጣ አጠገቡ ቁጭ በይ። ምን እንደሆነ ንገሪው» አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው።

በዚያው ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። መጀመሪያ ከወልድያ በኩል፣ ከተራራው ማዶ፣ ሩቅ በር የሚዘጋ የሚመስል ድምፅ ነበር። ከእኛ ቀድሞ መከታ ይሰማዋል። ይንቀጠቀጣል፤ ያለበት ይሸናል፤ ሲሚንቶውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንገቱን እያሻሸሁ «ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነው» እለዋለሁ። ድምፁ በየቀኑ ሲቀርብ እኔም ያንኑ ስለምለው፣ ኋላ ላይ እየዋሸሁት መሆኔን እያወቅሁ ነበር የምለው።

አንድ ቀን ጠዋት ድምፁ ከሰፈራችን ጫፍ ተሰማ። አባቴ ፍሬኑን የሠራለት አንድ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን አቁሞ፣ ደሴ እንደሚሄድ፣ የሚጫን ካለ አሁኑኑ እንዲጫን ነገረን። እናቴ ትኩሳት የያዘውን ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ ዱቄትና ብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች። አባቴ አባ ይማምን ሊጠራ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ባለቤታቸውን ጥለው እንደማይወጡ ነግረውታል። እኔ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ። መከታ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይጮሃል፤ አንገቱ ደምቷል። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሳሁና ወደ እሱ ስራመድ አንድ ነገር ከመንገዱ ማዶ ፈነዳ። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራ ከጣሪያው ወረደ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አላስታውስም። የማስታውሰው መኪናው ላይ፣ ከእናቴ እግር ሥር ተኮራምቼ እንደነበር ብቻ ነው።

ውርጌሳን ስናልፍ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉ። እናቴ አንድ በአንድ ስትዘረጋቸው ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነበር። አባቴ አየው። እንመለስ ብዬ አለቀስኩ፤ ለመንኩ። መንገዱ በእግረኛና በከብት ሞልቷል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ አንድም መኪና አልነበረም። አባቴ ፊቱን ወደ ተራራው እንዳዞረ ደሴ ደረስን።

ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተጠለልን፤ ጦርነቱ ደሴም አላስቀመጠንም፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ሰው ልጁን አጥቶ፣ አባቱን ቀብሮ በመጣበት መጠለያ ውስጥ ስለ ውሻ ማውራት ያሳፍራል። እኔም አላወራሁም። ሲነጋ ግን ቀኑን እቆጥር ነበር፤ ውኃ ሳይጠጣ ስንት ቀን ሊኖር እንደሚችል የሚነግረኝ ሰው አጥቼ እስከ አሥር ቆጥሬ አቆምኩ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ጋራዡ ተዘርፎ ባዶ ነበር። የብረቱ ቀለበት ከግድግዳው ተነቅሏል፤ በቦታው የተቦረቦረ ሲሚንቶ አለ። አባ ይማምን በረንዳቸው ላይ አገኘናቸው። ባለቤታቸው መድኃኒት አልቆባቸው መስከረም ላይ ማረፋቸውን ነገሩን። ሰላም ሲሉን ግራ እጃቸውን ዘረጉ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አልነበሩም።

አባቴ ምን እንዳገኛቸው ጠየቃቸው። እሳቸው መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ ነገሩን። ሁለት ቀን ተኩሱ ከቤት አላስወጣቸውም፤ የመከታን ጩኸት ግን ከአልጋው አጠገብ ሆነው ይሰሙ ነበር። በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ዘለው ገቡ። ሰንሰለቱ ስላልተፈታ በመዶሻ ግድግዳውን ቀጥቅጠው ቀለበቱን ነቀሉት። መዶሻው በመታ ቁጥር ውሻው ያብዳል። በመጨረሻ ሲለቀቅ አላወቃቸውም፤ እጃቸውን ነክሶ፣ ሰንሰለቱን ከነቀለበቱ እየጎተተ በማንጎው ማሳ በኩል ሮጠ። ከሳምንት በኋላ ቀለበቱ የመስኖው ቦይ ላይ ካለ የዛፍ ሥር ተሰክቶ፣ ሞቶ አገኙት። እዚያው ቀበሩት። ቁስላቸው መረቀዘ፤ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ነበርና የሚያክም ሳይገኝ ሁለቱ ጣቶቻቸው በስብሰው ጠፉ።

መናገር ነበረብኝ። «አባ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ምስማሩ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቴ ጥዬው መሄዴ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን ባልነካው ኖሮ፣ እሳቸው ጓጉንቸሩን በሰላም ከፍተው፣ አንገቱን አሻሽተው በወሰዱት ነበር።

አባቴ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ነግረውኝ ነበር» አላቸው። አባ ይማም ይቅር አላልኩህም አላሉትም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉትም። በግራ እጃቸው ትከሻውን ይዘው አስነሱትና ባለቤታቸው የተቀበሩበትን ሊያሳዩን ቀድመውን ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ተረት አልተወራም። ልጆች ሄደው ሲለምኗቸው ተረቱ እንደጠፋባቸው ይነግሯቸዋል። በሁለተኛው ዓመት እሳቸውም አረፉ።

አሁን ወልድያ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ባለፈው ጥር የሰፈሩ ሠርግ ላይ ርችት ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት ጎረቤታችን ውሻ በሰንሰለት ታስሮ ሲንፈራገጥ ሰማሁ። በራቸውን አንኳኳሁ። ፈትተው እንዲያስገቡት፣ መስኮቱን ዘግተው ሬዲዮ እንዲከፍቱለት ለመንኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈገግ ብለው፣ «ውሻ አይደል እንዴ፣ ይለምደዋል» አሉኝ።

«አይለምደውም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እኔም አልለመድኩትም።»

ፈገግታቸው ጠፋ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ፈትተውት ይሆን ወይስ አልፈቱት፣ ርችቱ ስለሚጮህ መለየት አልቻልኩም። መንገዱ ላይ ቆሜ፣ እጆቼን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከልጅነቴ ብዙ ተረት ሰምቼ ነበር፤ አብዛኛው ከአባ ይማም ጋር ሄዷል። ከእኔ ጋር የቀረው ሌላ ነው፤ አንድን ነፍስ አስሮ ማስቀመጥ ቀላል እንደሆነ፣ የሚፈታው ሰው ደግሞ የሚፈለግበት ሰዓት ላይ እንደማይገኝ።